ትንሿ ህብረት ለዶሮዋ የነገረቻት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ የለም። ቢሆንም ሶዶ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በወላይታ ወረዳዎች፣ መጀመሪያ በመምህርነት ኋላም በሱፐርቫይዘርነት ስዞር፣ ከዕድሜዬ ስንቱ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳለቀ ፈጣሪ ይወቀው። ያን ዕለት፣ ጥቅምት ገባ እንዳለ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ጉኑኖ የምሄደው ለለቅሶ ነበር። ድሮ አብሮኝ ያስተማረ ሰው አርፎ ነው። ካፊያው አላባራም፤ ዳሞት ተራራ ጉም ለብሷል። መኪናው ውስጥ ያለነው እኔና ወይዘሮ ፈጠነች የሚባሉ ሴት ብቻ ነን። ሴትዮዋ ከሶዶው መርካቶ የገዟትን ዶሮ እግሯን አስረው ከመቀመጫው ሥር አኑረዋታል፤ እርሳቸው ደግሞ ነጠላቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«አሥር ሰው ብቻ! አሥር ሰው ከሞላ እንወጣለን!» ይላል ረዳቱ። አሥር ሰው «ብቻ» መሆኑ ነው።

አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ የአምስት ዓመት ልጅ በእጃቸው ይዘው ገቡና ከጎኔ ተቀመጡ። ልጅቷ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላለች። ሽማግሌው ዝናቡን ከባርኔጣቸው አራገፉና ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ መምህር ገብረሥላሴ አይደለህም? በሞተር ጉኑኖ ትመጣ ነበር።»

«ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ግን ዘነጋሁ።»

«አንጁሎ ነኝ። እንሰትና ዝንጅብል ነው ሥራዬ። አንተ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ፣ እኔ እርሻ እሄዳለሁ። በምን ታውቀኛለህ?» አሉና ልጅቷን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ የፀጋአብ ልጅ ነው፣ የልጄ ልጅ። ህብረት ይባላል። ታመመ፣ ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ።»

ለአቶ አንጁሎ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ «እርሱ»ና «እርሷ» ብዙ አያስጨንቃቸውም። እኔ ግን ልጅቷን አየኋት። ትኩሳት ያላት አትመስልም፤ ዝም ብላ የመስኮቱን ጠብታ ትቆጥራለች።

«ምን አመማት?»

«ንግግር ሄደ። ያ ትምህርት ቤት በላው። የፈረንሳይኛው።»

ትምህርት ቤቱን አውቀዋለሁ። ከከተማው ዳር ያለች ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ ልጆቹ እስከ ምሳ በፈረንሳይኛ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ በወላይትኛ ይማራሉ ተብሎ ነው ፈቃድ ያገኘችው። ፈቃዱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነበር፤ ጠዋት ገብቼ ፈረንሳይኛውን ሰማሁ፣ ከሰዓት በኋላውን ሳላይ «በጥሩ ሁኔታ ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ። ደክሞኝ ነበር። የኛን አገር ትምህርት ከጎዱት ነገሮች አንዱ የደከመው ሰው ፊርማ ይመስለኛል።

«ጊፋታ ላይ ምን እንደሆነ ልንገርህ» አሉ አቶ አንጁሎ። «ልጆቼ ሁሉ ለዘመን መለወጫ ቤቴ ገቡ። የልጅ ልጅ አንድ በአንድ ይመጣል፣ ራሱ ላይ እጄን አደርጋለሁ፣ እመርቃለሁ፣ እርሱ አሜን ይላል። አባቴም እንደዚህ መረቀኝ። ህብረት መጣ። እጄን ራሱ ላይ አድርጌ በቋንቋችን ጀመርኩ። ልጁ እጁን አነሣና አፌን ያዘ።»

«አፍዎን?»

«በዚህ እጅ» አሉና የልጅቷን ትንሽ መዳፍ ገልብጠው አሳዩኝ። «ሰው ሁሉ አየ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን አያናግርም፣ እናቱንም ብዙ አያናግርም። ትናንት ልጄን ‹ስጠኝ፣ እወስደዋለሁ› አልኩት። ፀጋአብም ደክሞት ነበር፣ ‹ውሰዳት› አለኝ።»

ምን ልበላቸው? ሰውን ከሚያዋርዱ ነገሮች ሁሉ የገዛ የልጅ ልጅ አፍን ከመያዙ የሚብስ አላውቅም። አዘንኩላቸው።

ሁለት ሰዎች ገቡ። «ስድስት ሰው!» አለ ረዳቱ። ወዲያው አንድ ባጃጅ ጭቃውን እየረጨ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆመና አንዲት ወጣት ሴት ወርዳ በበሩ አንገቷን አስገባች። ህብረት ስታያት ቀና አለች። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ሐመልማል ነበረች።

«እንደምን አደራችሁ። ጋሽ ገብረሥላሴም አሉ! አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የህብረት አስተማሪ ነኝ። ሊወስዷት መሆኑን አቶ ፀጋአብ ደውለው ነገሩኝ፤ ክፍሌን አደራ ሰጥቼ ነው የሮጥኩት። መኪናው እስኪሞላ ብቻ ያነጋግሩኝ። ከዚያ በኋላ የእርስዎ ፈቃድ ነው።»

«መኪናው የኔ አይደለም፣ ግቢ» አሉ አቶ አንጁሎ። ገብታ ከፊታችን ባለው ወንበር ፊቷን ወደኛ አዙራ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ያበጡ ነበሩ፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ናት። ልጅቷ ከወንበሯ ተንሸራትታ ዶሮዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አሉ አቶ አንጁሎ። «ሶዶ ውስጥ በፈረንሳይኛ ከማን ጋር ያወራል? ዝንጅብሌን የሚገዛ ፈረንሳይ አለ?»

«እውነቱን ልንገርዎት፣ የለም። ጅቡቲ ጎረቤታችን ናት፣ ከአፍሪካ አገሮችም ብዙዎቹ በዚህ ቋንቋ ይሠራሉ። እንጀራ ልትበላበት ትችላለች ብዬ ግን ዛሬ ቃል አልገባልዎትም፤ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ የምፈልገው ጆሮዋ ገና ለስላሳ ሳለ ሌላ ቋንቋ እንድትለምድ ነው። ልጆቹ ከደብተር አይማሩም። እጅ ስንታጠብ ስለ ውኃው፣ ስንበላ ስለ ዳቦው በፈረንሳይኛ እናወራለን፤ እየተጫወቱ ይገባቸዋል። እኔ በሃያ ዓመቴ ጀምሬ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል ኖርኩ፣ ዛሬም ስናገር ምላሴ ይከብደኛል። የነሱ አይከብድም።»

«ታዲያ እንግሊዝኛ ለምን አልሆነም? ኋላ የሚፈተኑት በርሱ ነው» አልኩ እኔ፣ ዝም ማለት ቢሻለኝም።

«እንግሊዝኛውማ በየመንደሩ ተለጥፏል፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ሲዞሩ የኖሩት፤ አስተማሪዎቹ ይችሉታል?»

በየዓመቱ ወርክሾፕ ላይ ያንን ጥያቄ እንዳንጠይቅ ስንጠነቀቅ ነው የኖርነው።

«የማልችለውን ከማስተምራቸው የምችለውን ልስጣቸው ብዬ ነው» አለች ሐመልማል። «አንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ የለመደ ልጅ ሦስተኛው አያስፈራውም። እንግሊዝኛውም በተራው ይመጣል።»

አቶ አንጁሎ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ተምሬያለሁ» አሉ። «ሁለተኛ ክፍል ድረስ። የኛ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አማርኛ ብቻ ነው የሚያወራው፣ እኔ ደግሞ ወላይትኛ ብቻ። አንድ ቀን ሽንት ያዘኝ። ‹ልውጣ› በአማርኛ አላውቅም። በወላይትኛ ጠየቅሁ። ‹በአማርኛ!› አለ። ዝም አልኩ። እንደገና ጠየቅሁ። ‹በአማርኛ!› አለ። ከዚያ...» እጃቸውን ወደ ወለሉ ዘረጉ። «ልጆች ሳቁ። ወደ ቤት ሄድኩ፣ አልተመለስኩም። ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ። ‹ልውጣ› ማለት አሁን አውቃለሁ። አሁን ምን ያደርግልኛል?»

አንገቴን አቀረቀርኩ። የሽማግሌው መምህር እኔ አልነበርኩም፤ እድሜያችን አይገጥምም። እኔም ግን በ1978 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ስንትና ስንት ልጅ ቆሞ በቋንቋው ሲጠይቀኝ «በአማርኛ!» ብያለሁ። ማስተማር ይመስለኝ ነበር። ከነዚያ ልጆች ስንቶቹ ወደ ቤታቸው ሄደው እንደቀሩ አልቆጠርኩም።

«እኔም እንዲያ ብዬ አስተምሬያለሁ፣ አቶ አንጁሎ» አልኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ።»

አዩኝ። ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞረው፣ «ስለዚህ ነው ልጄ» አሉ። «የልጄ ልጅ ያችን ወንበር እንዲቀመጥባት አልፈልግም። ያኔ አማርኛ፣ አሁን ፈረንሳይኛ። ለኔ አንድ ነው።»

ሁለት ተማሪዎችና ከረጢት የተሸከመ ገበሬ ገብተው ከኋላ ተደረደሩ፤ መኪናው እርጥብ እርጥብ ሸተተ።

«አባባ» አለች ሐመልማል፣ «ልጆቼ ልውጣ ሲሉኝ በምን እንደሚጠይቁኝ ያውቃሉ? በመጣላቸው ቋንቋ ነው። በወላይትኛ ይሉኛል፣ በአማርኛ ይሉኛል፣ አንዳንዴ ሱሪያቸውን ይዘው ይዘላሉ። እኔ በፈረንሳይኛ ‹እሺ፣ ነይ እንሂድ› ብዬ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸዋለሁ። በቋንቋው ስለጠየቀኝ የከለከልኩት ልጅ የለም። የእርስዎን ቋንቋ አስወጥተው ነው ሌላውን ያስገቡብዎት። እኔ ያለውን ሳልነካ ልጨምር ነው የምፈልገው።»

«ሳትነኪ?» አቶ አንጁሎ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ታዲያ ቤት ውስጥ ወላይትኛ ማን ከለከለ? ፀጋአብ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ወላይትኛ የለም። ስልክ ላይ የፈረንሳይኛ ካርቱን፣ ከዚያ አማርኛ ብቻ። እኔንም፣ አባቱን፣ ‹በወላይትኛ አታናግራት፣ ይደባለቅባታል› አለኝ። ማን አዘዘ ስለው ‹መምህርቷ› አለኝ!»

«እኔ?» አለች ሐመልማል። «እኔ እንዲያ አላልኩም። ባለፈው ዓመት ማብቂያ የወላጆች ስብሰባ ላይ ‹ቋንቋውን ቤት ውስጥም አግዙኝ› ነው ያልኩት። መዝሙሩን አብራችሁ ስሙ ለማለት ነበር እኮ...»

ነገሩ ገባኝ፤ የኛን ሰው አውቀዋለሁ። ፀጋአብና ሚስቱ ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ሊሰጧት የማይችሉትን ቋንቋ አግዙ ሲባሉ ያላቸውን አውጥተው ቦታ ለቀቁለት። ቀን ሙሉ የሚሠሩ፣ ለልጃቸው መልካም የሚመኙ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስህተታቸውም የተማረ ሰው ስህተት ነው። ገበሬ ቢሆኑ ይህ አይታሰባቸውም ነበር።

«ለዚህ ነው ማለት ነው» አለች ሐመልማል ቀስ ብላ። «አምና እኮ ትዘፍን ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ እኔም ጋ አፏን አልከፈተችም። አዲስ ቋንቋ የገባ ልጅ ለጥቂት ወራት ዝም ሊል ይችላል፣ ያንን ተምሬያለሁ፤ ይህም የዚያ ዓይነት መሰለኝና ታገስኩ። ቤት መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

በዚህ መሃል ከመቀመጫው ሥር ሹክሹክታ ሰማን። ሦስታችንም ጆሯችንን ጣልን። ህብረት ዶሮዋን በአንድ ጣት አንገቷ ላይ እየደባበሰች በጠራ ወላይትኛ ታወራታለች። እኔ እንኳ በተሰባበረው ወላይትኛዬ ሁሉንም ሰማሁት።

«አይዞሽ። ጉኑኖ ስንደርስ እግርሽን ይፈቱልሻል። አያቴ ቤት ሣር አለ። እዚህ ግን ድምፅሽን አታሰሚ፣ በዚህ ማውራት አይፈቀድም።»

አቶ አንጁሎ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ አሉና በወላይትኛ፣ «ለዶሮዋ እንዲህ የምታወሪው ለኔ ለምን አታወሪኝም?» አሏት።

ልጅቷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ መምህርቷን አየቻት።

«ማንም አይቆጣሽም» አሉ አያትዋ።

«አባቢ ነው» አለች በእጇ ውስጥ። «በዚህ ካወራሁ ፈረንሳይኛው አይገባም አለ። ማዳምም በዚህ አታወራም። ማዳም ስለማትችል ነው የተማረችው።»

«ስለማትችል ነው የተማረችው።» የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሰችበት መደምደሚያ ይህ ነው። ሐመልማል ሥልጠናዋ እንዳዘዛት ክፍል ውስጥ በልጆቹ ፊት ከፈረንሳይኛ ሌላ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ልጆቹ እንዳይሰንፉ ብላ ያደረገችውን ህብረት በራሷ መንገድ ተርጉማዋለች።

ሐመልማል ከወንበሯ ወረደች። ጭቃ በበዛበት የሚኒባስ ወለል ላይ በጉልበቷ ተንበረከከችና የልጅቷን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አነሣች። ከዚያ በወላይትኛ፣ ሶዶ ተወልዶ ሰፈር ውስጥ ባደገ ሰው ወላይትኛ፣ ተናገረች።

«ህብረት፣ እኔም እኮ እችላለሁ። እናትና አባቴ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ በዚህኛው ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ እየዘለልኩ አደግሁ። ሦስቱም አፌ ውስጥ አሉ፣ አይጣሉም። አንዱ አንዱን አያስወጣውም።»

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «ማዳም!» አለች። ወደ አያትዋ ዞራ፣ «ማዳም እንደ አንተ ታወራለች!»

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! የመኪናው በር ስለ ምን እንደሚንኳኳ፣ እዮኤል የሚባል ልጅ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደነከሳት፣ የዶሮዋ ዓይን በጎን መሆኑን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለአያትዋ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ፈጠነች ነቅተው ዶሮዋን አቀፉና ይስቁ ጀመር። አቶ አንጁሎ አልሳቁም። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም።

«ሁለት ሰው!» አለ ረዳቱ።

«አባባ» አለች ሐመልማል አሁንም ወለሉ ላይ ሆና፣ «ዛሬ ማታ እነ ህብረት ቤት ሄጄ ያንን ወረቀት በእጄ እቀደዋለሁ። ለወላጆቹም ሁሉ እነግራለሁ፤ ቤት ውስጥ የራሳችሁን አውሩ፣ ተረቱን፣ ቁጣውን፣ ምርቃቱን በራሳችሁ ስጧቸው፣ ፈረንሳይኛውን ለኔ ተዉልኝ እላለሁ። በራሱ ቋንቋ ብዙ የሚያወራ ልጅ ነው ሌላውንም ቶሎ የሚይዘው። ህብረትን አይውሰዱብኝ።»

አቶ አንጁሎ አሰቡ። «ከምሳ በኋላስ?» አሉ። «በወላይትኛ ይማራሉ አሉ። ምን ይማራሉ?»

ሐመልማል እኔን አየች፤ እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እውነቱን ልናገር» አለች። «ይተኛሉ። የጠዋቱን እኔ ነኝ የምይዘው፣ ተዘጋጅቼበት ነው የምገባው። ለከሰዓቱ የመደብናት ልጅ ፊደል አስቆጥራ ታስተኛቸዋለች። የሚያውቁትን ቋንቋ ምን ያስተምሯቸዋል ተባለና...»

«ፈቃዱ ላይ ‹በጥሩ ሁኔታ› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ደክሞኛል ማለት ከዚያች ሰዓት በኋላ ምክንያት ሆኖ አልታየኝም።

ሽማግሌው አሁን ገና ፈገግ አሉ። «ተመልከቱ» አሉ። «ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ። ግማሹን አስተኝታችሁ ግማሹን ታስተምራላችሁ። የሚያውቁትን ነው ትያለሽ? ህብረት የእንሰት ስንት ዓይነት ስም ያውቃል? አንድም። አያቱ የሞተበት ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ፣ ለታላቅ እንዴት ቆሞ እንደሚናገር፣ እንቆቅልሽ እንዴት እንደሚፈታ ያውቃል? ልጄ፣ ፈረንሳይኛሽን ያዢ፤ አልጠላሁትም። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ለገበያ ሶዶ እመጣለሁ። ከምሳ በኋላ እነዚያን ልጆች ለኔ አትሰጪኝም?»

«እሰጥዎታለሁ!» አለች ሐመልማል፤ በእንባና በሳቅ መካከል ነበረች።

«እንግዲያው ልጁን አልወስድም።» ተነሡና ባርኔጣቸውን አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ መልሰው አወለቁት፤ እጃቸውንም ህብረት ራስ ላይ አኖሩ። የጊፋታውን ምርቃት ካቆሙበት ቀጠሉት። እደጊ፣ ብዢ፣ ቤትሽ ሰላም ይሁን። ልጅቷ «አሜን!» አለች። ወይዘሮ ፈጠነች «አሜን» አሉ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች፣ ገበሬው፣ በር ላይ ያለው ረዳት ሳይቀር «አሜን» አሉ። ሦስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ለመመለስ ሲወርዱ ግን ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ እንደ አዲስ ይጣራ ጀመር። «አምስት ሰው!» ለቅሶው ላይ የደረስኩት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አለፈ። ህብረት አሁን ጠዋት ጠዋት በፈረንሳይኛ ታንጎራጉራለች፤ ማታ ለእናትዋ በወላይትኛ ታወራለች፤ ሱቅ ተልካ በአማርኛ ትከራከራለች። ፀጋአብ ግድግዳው ላይ የቀረውን የፕላስተር ምልክት እያየ ያፍራል፤ ለልጁ ሲል ከአባቱ ጋር በወላይትኛ ማውራት እንደ አዲስ ጀምሯል። ሌሎቹ ወላጆችም በቋንቋቸው ማውራት ነውር አለመሆኑን ሲሰሙ እፎይ አሉ። እኔም ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የራሱ ቋንቋ የተከበረለት ልጅ ስህተት አይፈራም፣ ስህተት ያልፈራ ልጅ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራና አንድ የቆመ ሚኒባስ አስፈለገኝ።

የማልረሳው የመጀመሪያውን ማክሰኞ ነው። አቶ አንጁሎ «አንተም ና፣ ቁጭ ብለህ ስማ» ስላሉኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ከነሥሩ የተነቀለ የእንሰት ችግኝ ታቅፈዋል። ሐመልማል በሩን ከፈተች። ሃያ ልጆች በትንንሽ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የመምህሩን ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳውን፣ ወለሉን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በወላይትኛ፣ «ልግባ?» ብለው ጠየቁ።

«ግባ!» አሉ ሃያዎቹ ልጆች በአንድ ድምፅ፣ በወላይትኛ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ህብረት ናት።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጠረጉና ገቡ።